ደሴ ከምን ትጀምር?

ወንድሜ፣ «ደሴ የበካይ ጋዝ ልቀቷን ለመቀነስ ዕቅድ ብታወጣ ከምን ትጀምር?» ላልከው፣ ከቆጠራ። ማደያዎቹ በዓመት ስንት ሊትር ነዳጅ ሸጡ? ስንት ጆንያ ከሰል ገባ? ስንት መኪና ቆሻሻ ተደፋ? ይህ የመነሻ ዓመት መዝገብ ከሌለ «30 በመቶ እንቀንሳለን» ማለት ወሬ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የመንገድ አምፖል መቀየር ነው። አይከፋም፤ ግን የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውኃ ኃይል ስለሚመጣ የሚቀንሰው ካርቦን እዚህ ግባ አይባልም። ትልቁ ጉዳይ ማጀት ውስጥ ነው። መብራት እልም ሲል ሁሉም ከሰሉን ያያይዛል። ወሎ ላይ ደግሞ ቡና ሳይፈላ አይዋልም! ስለዚህ ትራንስፎርመር ማጠናከርና ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስ ራሱ የአየር ንብረት ሥራ ነው።

ሌላው ቆሻሻ ነው። የአትክልት ተራፊ ታፍኖ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ አየሩን ያሞቃል። ገበያው ላይ ለይቶ ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) ማድረግ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ትራንስፖርቱን ከኮምቦልቻ ጋር አብረህ አስበው። ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣው ሚኒባስ ጭሱ የሁለቱም ከተሞች ነው። የማን ተብሎ እንደሚመዘገብ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወይ ሁለቴ ይቆጠራል፣ ወይ ጭራሽ ይረሳል።