እማዬን ይዤ የአስማት ሾው ልግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ እህቴ፣ ከሳቢያን ነው የምጽፍልሽ፣ አንቱ ያላልኩሽ መቼም ድሬ ስለሆንን ነው። ላስ ቬጋስ ያለችው ታላቅ እህቴ ልትወልድ ደርሳለች፣ እኔና እማዬ አራስ ልንጠይቅ ነው፣ ተመስገን ቪዛው ተመትቶልናል። እህቴ ታዲያ ስትመጡ ፔን እና ቴለር የሚባሉ ማጂሺያኖች አሉ ትኬት ልቁረጥላችሁ አለችኝ። ዩቲዩብ ላይ ቁርጥራጭ አይቻለሁ፣ ግዙፉ ሰውዬ ያወራል ትንሹ አያወራም። ግን ሰዎቹ አርጅተዋል፣ ሃምሳ አመት ያንኑ ሲሰሩ ሰልችቷቸው ቢሆንስ? ብሩ ደግሞ ወደኛ ሲመነዘር ያስደነግጣል፣ እህቴ ኡበር ነድታ ነው የምታመጣው። የኔ እንግሊዝኛ ለስራ ያህል ነው፣ የእማዬ ጭራሽ የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እማዬ አስማት ስትባል አማተበችና "ባህር ተሻግሬ፣ ከፍዬ፣ ሰይጣን ልይ?" አለች። ምን ትይኛለሽ፣ ይታያል ወይስ ብሩ ለአራሷ ይሁን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህን ማርያም ትቅረባት፣ በሰላም ያገላግላት። አቦ ሂዱ ነው የምልህ፣ እናትህንም ይዘሃት ሂድ፣ እንደውም ከሁለታችሁ እሷን ነው የበለጠ እዛ ወንበር ላይ ማየት የምፈልገው፣ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

እኔ ያየኋቸው የዛሬ ስንት አመት ላስ ቬጋስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ጋ ሄጄ ነው። ሪዮ የሚባል ሆቴል ውስጥ በራሳቸው ስም የተሰየመ ቲያትር አላቸው፣ መብራቱ ከሚንቦገቦገው ዋናው ጎዳና ትንሽ ወጣ ብሎ ከሃይዌዩ ማዶ ነው፣ እዛ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው እየሰሩ ነው። አብረው መስራት የጀመሩት ግን በ1975 ነው። ግዙፉ ፔን ጂሌት ጀግለር ነበር፣ ኳስና ቢላ እየወረወረ የሚቀልብ ማለት ነው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ትንሹ ቴለር ደግሞ ሃይስኩል ላቲን ያስተምር የነበረ መምህር ነው፣ መድረክ ላይ አያወራም፣ ሲያስቅህም ሲያስደነግጥህም በዝምታ ነው።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤህ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው። እኛ ሀገር አስማት ሲባል እናቶቻችን የሚታያቸው መድረክ አይደለም፣ መጽሐፍ ገልጦ ስም የሚጠራ፣ መናፍስት የሚጎትት ሰው ነው፣ ስለዚህ ብታማትብ አልፈርድባትም። እነዚህ ሰዎች የሚሰሩት ግን ምትሃት ነው፣ የእጅ ፍጥነት፣ የአይን ማታለል። ብዙ ማጂሺያን ደግሞ ይሄን ይደባብሳል፣ አእምሮህን አነበብኩ፣ መንፈስ ነገረኝ ምናምን ይላል፣ ተመልካቹ ግማሽ በግማሽ አምኖ ይወጣል። ፔንና ቴለር ከመጀመሪያው ጀምሮ እያታለልናችሁ ነው፣ ምንም ሃይል የለንም ብለው በግልጽ የሚናገሩ ናቸው፣ መናፍስት እናነጋግራለን እያሉ ሀዘንተኛ የሚበሉ ሰዎችንም ስንት አመት ሲያጋልጡ ኖረዋል። ዝነኛው ማጂሺያን ሁዲኒም ከመቶ አመት በፊት እንደዛው ነበር ያደርግ የነበረው።

እና ይሄ ግልጽነታቸው ነገሩን የሚያበላሸው ይመስልሃል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር ቀይዋን ኳስ እስካይ። ፔን ይወጣና ቀጣዩ ትሪክ የሚሰራው በክር ነው ይላል፣ ይሄዳል፣ በቃ አለቀ፣ ሚስጥሩን ነገረህ። ከዛ ቴለር ቀይ ኳስ ይዞ ይመጣና መሬት ላይ ያስቀምጣታል፣ ሲራመድ እንደ ቡችላ ትከተለዋለች፣ ሲቆም ትቆማለች፣ እንደ መኩረፍ ትልና አልመጣም ትላለች፣ እሺ ስትባል አግዳሚው ላይ ትወጣለች፣ በመጨረሻ ቀለበት ይይዝላትና በውስጡ ትዘላለች። እኔ ሶስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ ክር ነው ስላለኝ አይኔን አፍጥጬ ክሩን እየፈለግኩ ነው፣ እሺ ክር ነው፣ በቀለበት ውስጥ ስታልፍ ታዲያ ክሩ የት ሄደ? ትንሽ ቆይቼ ክር መፈለጉን እንደተውኩት እንኳን አላወቅኩም፣ ኳሷ እንዳትወድቅ እየተጨነቅኩላት ነበር። ቴለር ይቺን የደቂቃዎች ስራ ከአመት በላይ ነው የተለማመደው፣ ፔን መጀመሪያ ላይ አልወደዳትም ነበር፣ ክር እንደሆነ እንንገራቸው የሚለው ሃሳብ ሲመጣ ነው የተቀበላት። ለዚህ ነው ሰልችቷቸው ቢሆንስ ላልከው መልሴ አጭር የሚሆነው፣ የሰለቸው ሰው ለአንዲት ኳስ አመት አይደክምም።

የልጅነት ነገር ልንገርህ። ቀፊራ ገበያ፣ እነዛ ቅስት በሮች ጋ፣ አንድ ሰውዬ ካርቶን ላይ ሶስት ቆርኪ ደፍቶ ከአንዱ ስር ከወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ኳስ ይደብቅና "የቱ ጋ ናት?" ይል ነበር። ታናሽ ወንድሜ እማዬ ለስኳር የሰጠችውን ብር አስይዞ ተበላ፣ ወላሂ ሲያለቅስ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ቆይተን ነው የገባን፣ መጀመሪያ ያሸነፈው ደስ ያለው ሰውዬ የራሱ ሰው ነበር፣ ወረቀቷ ደግሞ ከቆርኪው ስር ሳይሆን ጣቶቹ መሃል ነበረች። ይሄ ጨዋታ ያው በጽዋና በኳስ የሚሰራው የጥንቱ ትሪክ ነው፣ ከ2000 አመት ገደማ በፊት የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ሳይቀር ጽፎለታል። ፔንና ቴለር ታዲያ ይሄንኑ ወስደው ጽዋውን ወለል ብሎ ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ ቀየሩት! ኳሷ ስትገባ ታያለህ፣ ስትወጣ ታያለህ፣ እጁ ከኪሱ ሲያመጣ ታያለህ፣ ግን ከፍጥነቱ የተነሳ አይንህ ሊከተለው አይችልም። የቀፊራው ሰውዬ የወንድሜን ብር በላበት፣ እነሱ በዛው ጥበብ አይንህ እንዴት እንደሚሸወድ ያሳዩሃል። ሰው ሲስቅ ትኩረቱ ይላላል፣ ትልቅ እንቅስቃሴ ትንሹን ይሸፍናል፣ አይን የሰውን ፊት ይከተላል እጅን ይረሳል። ቴለር በ2008 ከአእምሮ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይሄንኑ ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ እስከመጻፍ ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ለእናትህ ቀድመህ ንገራት። ቴለር ገና ከፔን ጋር ሳይገናኝ ጀምሮ ይዞት የመጣ የሚባል ስራ አለው፣ ሁሌ ይሰሩታል አልልህም፣ እኔ ያየሁ ቀን ግን ነበር። ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ አንዲት ጽጌረዳ አለች፣ ከፊቷ መብራት፣ ከኋላዋ ነጭ ሸራ፣ ጥላዋ ሸራው ላይ ወድቋል። ቴለር ቢላ ይዞ ወደ አበባዋ ሳይሆን ወደ ጥላዋ ይሄዳል፣ የጥላውን ቅጠል ሲቆርጥ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለው እውነተኛው ቅጠል ይወድቃል። አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ፣ ፔታሉ ሁሉ ረገፈ። መጨረሻ ላይ ጣቱን ይወጋና የጥላው እጅ ይደማል። አዳራሹ ጸጥ አለ፣ እኔ ደግሞ አያቴ ትዝ አለችኝ፣ ማታ ማታ ጥላ ወጊ እያለች የምትፈራውን። ፈረንጁ ምናልባት ግጥም ይሆንበታል፣ የኛ እናት ግን ጥላ ሲወጋ ስታይ ሌላ ነገር ነው የምታስበው፣ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት እማዬ ይሄ በመሳሪያ የሚሰራ ነው፣ ሰውዬው እንደውም በህግ ያስመዘገበው ንብረቱ ነው በላት። እውነትም ነው፣ በ1983 አስመዝግቦታል፣ አንድ አውሮፓዊ ማጂሺያን ኮርጆ ሊሸጠው ሲል ከሶት በ2014 ኔቫዳ ፍርድ ቤት ረትቶታል። ፍርድ ቤት የሚከራከሩበት ነገር የሰይጣን ስራ እንዳልሆነ እናትህ ትረዳለች።

እድሜያቸውን ካነሳህ ቴለር የ1948 ፔን የ1955 ልጅ ነው፣ አዎ አርጅተዋል፣ መድረክ ላይ አይዘሉም አይሮጡም፣ እኔ ግን እንደ ጉድለት አላየሁትም። የቴለር እጅ ላይ ሃምሳ አመት አለ፣ ሳንቲም ሲይዝ ራሱ ደስ ይልሃል። ደግሞ ብዙ አመት ሲሉት የኖሩት አንድ ነገር አለ፣ ለመዝናናት ተብሎ ሰው አደጋ ላይ መውደቅ የለበትም ይላሉ። ጥይት በጥርስ የመያዝ ትሪክ በ1918 ለንደን ላይ መድረክ ላይ ሰው ገድሏል፣ እዛው ላስ ቬጋስም በ2003 ነብር ጌታውን በተመልካች ፊት ነክሶ አሽመድምዶታል። እነዚህኞቹ አደገኛ የሚመስል ነገር ሲያሳዩህ እንኳን አደጋ እንደሌለው ራሳቸው ይነግሩሃል፣ እናትህ ልቧ ሳይመታ ታያለች።

የማይመቸውንም አልደብቅህም። ፔን አፉ አያርፍም፣ ግማሹ ሾው የሱ ወሬ ነው፣ ቀልዱ ፈጣን ነው፣ አንዳንዴ ይሳደባል፣ እግዜር የለም ባይም ነው፣ አይደብቀውም። አንተ ምናልባት ግማሹን ትይዛለህ ግማሹ ያመልጥሃል፣ እናትህ ደግሞ ስድቡንም ክርክሩንም አትሰማውም፣ የሱን ክፍል ጠብቃ የቴለርን ታያለች። አንተ ጆሮዋ ላይ ሁሉንም ልተርጉም አትበል፣ ስትተረጉም ሁለታችሁም እጁን ታጣላችሁ። ዝሆን የሚጠፋበት፣ ሰው የሚበርበት፣ ጭስና መብራት ከፈለግክ ደግሞ ምርጫህ የዴቪድ ኮፐርፊልድ አይነቱ ነው፣ በ1983 የነጻነት ሃውልትን በቲቪ ያጠፋው ሰውዬ፣ እሱ ትልቅ ትልቁን ይወዳል። እኔ ግን ኳሷን እመርጣለሁ።

ስለ ዩቲዩቡም ይኸው። ካሜራ የት እንደምታይ ይመርጥልሃል፣ ኤዲት ተደርጎ ይሆናል ብለህ ትጠራጠራለህ፣ ትክክልም ነህ። አዳራሽ ውስጥ ግን አይንህ የራስህ ነው፣ የፈለግክበት አፍጥጥ፣ እና አፍጥጠህም ትሸወዳለህ። እሱን ነው ብር የምትከፍልበት።

ብሩን በተመለከተ እህትህ ከቲያትሩ ከራሱ ትቁረጥ፣ መሃል ላይ ያሉ ሻጮች ሰርቪስ እያሉ የሚጨምሩት ነገር ዋጋውን ያሳብጠዋል፣ የመጨረሻው ስክሪን ላይ የሚወጣውን ድምር ሳታይ አትክፈል። በጣም ውዱ ወንበር አያስፈልጋችሁም፣ መሃል ለመሃል፣ የእጅ ስራው ጎልቶ በሚታይበት ርቀት ይሁን፣ ጥግና ዳር ላይ ርካሽ ነው ብላ እንዳትወስድላችሁ፣ የቴለር ስራ ከሩቅ አይታይም። ስፖንሰር ሆና ሾፌርም ሆና ራሷ እቤት እንዳትቀር ከሆነ ሃሳብህ፣ ለአራሷ እናድርገው ያልከው ገባኝ፣ ግን ስጦታው የሷ ነው፣ አትመልስባት፣ ለአራሷ የሚሆነውን ቡናውንም በርበሬውንም ቅቤውንም ከዚህ ተሸክማችሁ ትሄዱ የለ።

በጊዜ ግቡ ደግሞ። ሾው ሳይጀመር ፔን ራሱ ከፒያኒስት ጋር ሆኖ ቤዝ የሚባለውን ትልቁን ባለክር መሳሪያ ሲጫወት ታገኙት ይሆናል፣ ጃዝ ነው፣ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፣ እናትህም ሰውዬው ሙዚቃ የሚጫወት ተራ ሰው እንደሆነ አይታ ትረጋጋለች።

ቀኑን ግን እናንተ ምረጡ። እናትህ ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ከአራስ ቤት ንቅንቅ እንደማትል አንተም ታውቃለህ፣ ወንድ ከሆነ 40 ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ስለዚህ ትኬቱን አሁን እንዳትቆርጠው፣ ሰዎቹ በየሳምንቱ ሁሉንም ቀን አይሰሩም፣ ቱር የሚወጡበትም ጊዜ አለ፣ ልጁ ሲወለድ ቀኑን ቁጠሩና ከክርስትናው ቀጥሎ ያለውን ሳምንት፣ ረቡዕና አርብ ያልሆነ ቀን፣ እህትህ ትያዝላችሁ።