የሚንሸራተተውን ቀበቶ ገና አያጥብቁት

ጥያቄ፦ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1.8 ሊትር የቤንዚን መኪና አለኝ። የሞተሩ የመጭመቅ ምጣኔ 10 ለ 1 ሲሆን በደቂቃ እስከ 6,500 ዙር ይሄዳል። ያገለገለ የሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀር (በቀበቶ እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ኪት ገዝቼ ቤቴ ውስጥ ራሴ ገጠምኩት። ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ) የለውም። ከኪቱ ጋር ኢንጀክተርም (ነዳጅ የሚረጨው) ሆነ የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ አልመጣም፤ ሻጩ «በዝቅተኛ ግፊት አያስፈልግህም» ብሎኛል። መኪናው በደንብ ይነሳል፣ ጉልበቱም ጨምሯል። ነገር ግን 4,500 ዙር ላይ ግፊቱ 0.4 ባር ይደርስና ከዚያ በላይ ቀበቶው እየጮኸ መለኪያው ወደ 0.3 ይወርዳል። ዳገት ላይ መርገጫውን ስጫነው ደግሞ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ የመሰለ ድምፅ ከሞተሩ ይሰማል። ቀበቶውን ላጥብቀው ወይስ በሱፐርቻርጀሩ ላይ አነስ ያለ ፑሊ ልግጠምበት?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። ከዛሬ ጀምሮም መኪናውን በግፊት መንዳት ያቁሙ። ሊነዱት ግድ ከሆነብዎ የሱፐርቻርጀሩን ቀበቶ አውልቀው፣ የቀድሞውን የአየር ማስገቢያ ቱቦ መልሰው ይንዱት። ኪትዎ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን በዚያው ቀበቶ የሚያሽከረክር ከሆነ የፋብሪካውን ቀበቶ በቀድሞ መስመሩ ይመልሱ።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው በጠጠሩ ድምፅ ምክንያት ነው። ቀበቶው ሲጮኽ ጆሮ ይይዛል፤ ገንዘብና ሞተር የሚበላው ግን ያኛው ነው። ካንዴላው ያቀጣጠለው እሳት ሲሊንደሩን አዳርሶ ሳይጨርስ፣ ጥግ ላይ የቀረው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ከግፊትና ከሙቀት ብዛት የተነሳ በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማ ድምፅ ነው። ዲቶኔሽን ይባላል። እያንዳንዱ ፍንዳታ የፒስተኑን ጠርዝ ይቦረቡራል፣ በፋሻዎቹ መካከል ያለውን ስስ የአሉሚኒየም ክፍል ይሰነጥቃል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያፈነዳል። አንዳንድ ሞተር ይህን ለወራት ይችላል፤ አንዳንዱ ግን በአንድ ዳገት ያልቃል።

አሁን ከቀበቶው ጋር ላያይዘው። የሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀር ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በግርድፉ የፍጥነቱን ካሬ ተከትሎ ነው የሚያድገው። በ4,500 ዙር 0.4 ባር የሰጠ መሣሪያ ቀበቶው ሳይንሸራተት 6,500 ዙር ቢደርስ ወደ 0.8 ባር ይጠጋል። የመጭመቅ ምጣኔው 10 ለ 1 ለሆነ፣ ኢንተርኩለርም ተጨማሪ ነዳጅም ለሌለው ሞተር ይህ ፒስተን የሚያቀልጥ ግፊት ነው። እስካሁን ሞተርዎን ያተረፈው የቀበቶው መንሸራተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ቀበቶው የሚጠበቀው ነዳጁና እሳቱ ከተስተካከሉ በኋላ ብቻ ነው።

ሻጩ የነገረዎት ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ነው። መለኪያዎ 0.4 ሲያሳይ ሞተሩ 1.4 ባር አየር ይቀበላል። አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ 25 ዲግሪ ሆኖ የገባው ከሱፐርቻርጀሩ ሲወጣ 65 እና 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይሆናል። ሙቀቱ የሚቀንሰውን ቀንሰን እንኳ ከ20 በመቶ በላይ ትርፍ አየር ገብቷል፤ ያን ያህል ትርፍ ነዳጅ ይፈልጋል ማለት ነው። የእርስዎ ሞተር ኮምፒውተር ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ሱፐርቻርጀር ሳይኖራቸው የተሠሩ ብዙ መኪናዎች የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ሴንሰራቸው ከ1 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አያነብም። 1.4 ባር ሲገባ ኮምፒውተሩ 1 ባር ገባ ብሎ ለዚያው የሚበቃ ነዳጅ ይረጫል።

የነዳጅ መስመርዎ ግፊቱን ከማኒፎልዱ ጋር የማያስተያይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይጨመራል። መስመሩ ላይ 3 ባር አለ እንበል። ኢንጀክተሩ የሚረጨው ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን 0.4 ባር ገፍቶ ስለሆነ የሚቀረው ልዩነት 2.6 ብቻ ነው፤ የሚረጨውም ነዳጅ ወደ 7 በመቶ ይቀንሳል። ጭማሪ በሚያስፈልግበት ሰዓት ቅናሽ።

«የኦክስጅን ሴንሰሩ ያስተካክለው የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። አያስተካክለውም። ተራው ሴንሰር የሚለየው የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ከ14.7 ለ 1 (14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ) በላይ ወይም በታች መሆኑን ብቻ ነው፤ መርገጫው ሙሉ ለሙሉ ሲረገጥም አብዛኛው ኮምፒውተር እሱን መስማት ያቆማል። በሙሉ ግፊት የሚፈለገው ከ11.5 እስከ 12 ለ 1 የሆነ ድብልቅ ነው፤ ያን ለማየት ዋይድባንድ ሴንሰር (የድብልቁን ትክክለኛ ቁጥር የሚለካ) እና የራሱ ማሳያ ያስፈልግዎታል። ከሱፐርቻርጀር ኪት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መጀመሪያ ይገዛ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ግን የደረሰ ጉዳት መኖሩን ይመርምሩ። ሞተሩ ሲበርድ አራቱንም ካንዴላዎች ይፍቱና የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ እንዳይምታታብዎ በተራ ያስቀምጧቸው። በጥሩ ብርሃን፣ በማጉያ መነጽር፣ የመካከለኛውን ኤሌክትሮድ የከበበውን ነጭ ሸክላ ይመልከቱ። ቀለሙ ወደ ፈዛዛ ቡናማ ያደላ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ካዩ ሞተሩ በዲቶኔሽን ተመትቷል። ከነጠብጣቦቹ መካከል የሚያብረቀርቁ፣ እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ ክብ ነገሮች ካሉ እነዚያ ከፒስተኑ ቀልጠው የተረጩ አሉሚኒየም ናቸው፤ ያን ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ ትንሽ ካሜራ ሳያዩ ሞተሩን እንደገና አያስነሱ።

ካንዴላዎቹ ንጹህ ቢመስሉም የኮምፕሬሽን ልኬት ይውሰዱ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅና እሳት ተቋርጦ፣ ስሮትሉ ሙሉ ተከፍቶ። ጤነኛ ባለ 10 ለ 1 ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ባር ያሳያል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ነው የማየው፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሲሊንደር ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ ሱፐርቻርጀሩ መደርደሪያ ላይ ይቆይ፣ ገንዘቡ ለሞተሩ ጥገና ይዋል።

ሞተሩ ደህና ከሆነ ሥራው በነዳጅ ይጀምራል። ተለቅ ያሉ ኢንጀክተሮች ይግጠሙ፤ በሙሉ ጭነት ለመርጨት ካላቸው ጊዜ ከ80 እስከ 85 በመቶ ያህሉን ብቻ ክፍት እንዲሆኑ ተደርገው ይመረጡ። ፓምፑም ያን የሚመግብ ይሁን። የማኒፎልድ ሴንሰሩ ቢያንስ 2 ባር የሚያነብ ይሁን። የነዳጅ መስመር ሲፈቱ የፓምፑን ፊውዝ አውጥተው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ በሩ ክፍት ይሁን፣ ማሞቂያና የሚግል መብራት ከወለሉ ይራቅ፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅዎ አቅራቢያ ይኑር።

ካንዴላዎቹን በአንድ ደረጃ በቀዘቀዙ (ሙቀትን ፈጥነው በሚያስወግዱ) ይተኩ፤ ክፍተታቸውንም ወደ 0.7 ሚሊሜትር ያጥብቡት፤ በግፊት ውስጥ ብልጭታው ሰፊ ክፍተት መዝለል ያቅተዋልና። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በኤንጂኬና በዴንሶ ካንዴላዎች ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በሻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይግላል።

የእሳቱ ጊዜ መዘግየት አለበት። ለእያንዳንዱ 0.07 ባር ግፊት በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ዙር 1 ዲግሪ ማዘግየት የተለመደ መነሻ ነው፤ ለ0.4 ባር ወደ 6 ዲግሪ ይሆናል። መነሻ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከመጠን በላይ የዘገየ እሳት የጭስ ማውጫውን ያግላል፣ ጉልበትም ይበላል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው መኪናው ዳይናሞሜትር (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ቆሞ፣ ድብልቁና ማንኳኳቱ (ዲቶኔሽኑ) እየተለካ ኮምፒውተሩ ሲስተካከል ነው። ብሎኑን፣ ቱቦውንና ኢንጀክተሩን በቤትዎ መሥራት ይችላሉ፤ ይህን ክፍል ግን ለሚያውቀው ሰው ይስጡት። ገንዘብ ካጠረዎት ሌላውን ያዘግዩ እንጂ በዚህ አይቆጥቡ። ሲሞክሩትም ሲነዱም የሚቀዱት ቤንዚን የኦክቴን ቁጥሩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በ95 የተስተካከለ ሞተር 91 ሲቀዳበት ድምፁ ይመለሳል።

የክራንክኬሱን (ክራንክሻፍቱ ያለበትን የሞተሩን የታች ክፍል) መተንፈሻ ቫልቭም ይፈትሹ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ አለበት፤ በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ግፊቱ ወደ ዘይቱ ቋት ገብቶ የዘይት ማኅተሞችን ያስወጣል።

ቀበቶው ጋ የምንደርሰው አሁን ነው። የእርስዎን ቁጥሮች ሳያቸው የምጠረጥረው የፊተኛው ባለቤት ለተጨማሪ ግፊት ብሎ ፑሊውን በትንሽ ቀይሮታል፤ ካልሆነም ኪቱ ተለቅ ላለ ሞተር የተሠራ ነው። የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ በመለኪያ ይለኩት። የክራንክሻፍቱን ፑሊ ዲያሜትር ለሱፐርቻርጀሩ ፑሊ ያካፍሉ፣ በሱፐርቻርጀሩ ውስጣዊ የማርሽ ምጣኔ ያባዙ፣ በ6,500 ያባዙ። ለምሳሌ 150 ሚሊሜትር ለ75 ሲካፈል 2 ነው፤ ውስጣዊው ምጣኔ 3.6 ከሆነ ውጤቱ በደቂቃ 46,800 ዙር ይሆናል። ይህን ሠሪው ከፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ጋር ያስተያዩ። አነስ ያለ ፑሊ፣ 65 ሚሊሜትር ቢገጥሙ 54,000 ይደርሳል፤ ቀበቶው የሚታቀፈው ስፋትም ይቀንሳልና የባሰ ይንሸራተታል።

የሚያስፈልግዎ ተለቅ ያለ ፑሊ ነው። 75 የነበረው 100 ሚሊሜትር ቢሆን ያ 0.8 ባር በግርድፉ ወደ 0.45 ይወርዳል፤ ቀበቶውም በሰፊ ገጽ ስለሚይዝ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ያልቃል። የቀበቶው ርዝመት ስለሚለወጥ እንደገና ለክተው ይግዙ። ወደ 0.45 የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኩለር ይጨምሩ፤ በ10 ለ 1 ሞተር ከ0.4 በላይ ያለ እሱ መሄድን አልደግፍም።

ከዚህ በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ማጥበቂያውን ከመንካትዎ በፊት መስመሩን ይመልከቱ። በሁለቱ ፑሊዎች ጥርስ ውስጥ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስጠግተው ይለኩ፤ ከ1 ሚሊሜትር በላይ መዛነፍ ቀበቶውን ይበላዋል። በፑሊው ዙሪያ ጥቁር የጎማ ዱቄት፣ በቀበቶው አንድ ጠርዝ ላይ መላላጥ ካለ መስመሩ ተዛንፏል። በቀበቶው ላይ ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ከነካው ይጣል፤ አጥቦ መመለስ አይሠራም። ሱፐርቻርጀሩን የያዘው ድጋፍ ራሱም ሊታጠፍ ይችላል። ስልክዎን ከሚሽከረከሩት ነገሮች ራቅ አድርገው አጥብቀው ያስሩት፣ በዝግታ ቀረጻ እየቀዳ ሞተሩን ያስጩሁት፤ ድጋፉ ወደ ክራንክሻፍቱ ሲያዘነብል በምስሉ ላይ ይታያል። ድጋፉ ሳይጠነክር ቀበቶው ቢጠብቅ የሱፐርቻርጀሩ፣ የዲናሞውና የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታዎች ናቸው የሚከፍሉት።

ኮምፒውተሩ ተስተካክሎ ሲወጣ የመጀመሪያው ፍተሻ ባዶና ለሌላ ሰው አደጋ በማይሆን ቦታ፣ በ3ኛ ማርሽ፣ በግማሽ መርገጫ ይሁን። ማሳያውን የሚያነብልዎ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ፤ እርስዎ ዓይንዎን ከመንገዱ አያንሱ። በግፊት ላይ እያሉ የድብልቁ ቁጥር ከ12.5 ከበለጠ ወይም ያ የጠጠር ድምፅ ከተሰማ ወዲያው እግርዎን ያንሱ፣ መኪናውን ወደ ዳይናሞሜትሩ ይመልሱት። ሁሉም ደህና ከሆነ 500 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ የድጋፉን ብሎኖችና የቀበቶውን ውጥረት እንደገና ይፈትሹ፣ ሱፐርቻርጀሩ የራሱ ዘይት ካለው ሠሪው ባዘዘው ዘይት ይቀይሩት፣ አራቱን ካንዴላዎችም አንድ ጊዜ ፈትተው በማጉያ መነጽሩ ይዩዋቸው።