ስለ ሱፐርማርኬት ዲጂታል የዋጋ ታግ ጠይቁኝ

አሜሪካ ውስጥ ሱፐርማርኬት ዋጋ ክፍል ነው የምሠራው። ድሮ ሌሊት ሌሊት ወረቀት እየላጥን እንለጥፍ ነበር። አሁን መደርደሪያው ላይ ያለው ታግ ዲጂታል፣ ማለትም ትንሽ ስክሪን ሆኗል። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ሄለን፦ ዎልማርት ስክሪን ገጥሟል። ዕቃውን አንስቼ ካሸር ጋ ሳልደርስ ዋጋው ሊጨምር ይችላል?

መልስ፦ መሣሪያው ይችላል፣ እህቴ። ስክሪኑ ባትሪ የሚበላው ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ ስለሆነ ለዓመታት ይሠራል። አዲሱ ዋጋ ከኮምፒውተር በሬዲዮ ሞገድ ይላክለታል። ዎልማርት እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ 2026 ድረስ 2,300 መደብሮች ውስጥ እንደሚያስገባው ሲናገር፣ ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ በደቂቃ ያልቃል ብሏል። ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ አልጨምርም ማለቱም አይረሳ። ኖርዌይ ውስጥ ሬማ 1000 የሚባለው ሱፐርማርኬት በቀን ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀይራል፤ ግን ቀን ላይ መቀነስ ብቻ ነው፣ የሚጨምረው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው። እዚህም እንዲህ ያለ ደንብ ያስፈልገናል። እስከዚያው ታጉን ፎቶ አንሱ።

ናሆም፦ የቱ ሱቅ ይረክሳል?

መልስ፦ የት እንደምትኖር እንኳን አልነገርከኝም። የአንድ ፓውንዱን ዋጋ አወዳድር።

ሳምሪ፦ ካሜራ ፊታችንን አይቶ ይጨምርብናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ሴናተር ዋረንና ሴናተር ኬሲ ክሮገር ለሚባለው ሱፐርማርኬት ደብዳቤ የጻፉት በዚሁ ስጋት ነው። ክሮገር እንዲህ አላደርግም ብሏል። ልብ በሉ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቁጥር አጠገብሽ የቆመውም ሰው ያየዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ስልካችን ነው። አፑ ላይ ያንቺን ዋጋ የምታይው አንቺ ብቻ ነሽ። ኢንስታካርት በሚባለው የአስቤዛ ማዘዣ አፕ ላይ ለአንድ ዓይነት ዕቃ ለተለያየ ሰው የተለያየ ዋጋ ሲወጣ ተደርሶበት፣ የዋጋ ሙከራውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 አቁሟል። ኒውዮርክ ደግሞ በግል መረጃሽ ተነስቶ ኮምፒውተር ዋጋ ካወጣልሽ፣ ሻጩ ይህንኑ በግልጽ እንዲጽፍ በሕግ አስገድዳለች። ስለዚህ አፑ ላይ ከማዘዝሽ በፊት የባለቤትሽንም ስልክ ክፈቺና አስተያዪ። ፎቶም አንሺ።

ብሩክ፦ መርካቶስ ሰው አይቶ አይደል ዋጋ የሚጠራው? ምን አዲስ ነገር አለው?

ጋሽ መኮንን፦ ልጄ፣ መርካቶ ትከራከራለህ፣ ካልተስማማህ ጥለህ ስትሄድ ይጠራሃል። እዚህ ከማን ጋር ልትከራከር ነው?

ብሩክ፦ አዲስ አበባም እኮ ዝናብ ሲጥል ታክሲ ይወደዳል።

ጋሽ መኮንን፦ ታክሲና የልጅ ወተት አንድ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ብሩክ፣ የታክሲውን ሌላ ጊዜ እናውራው።

ዳኒ፦ ሥራ ያሳጣናል?

መልስ፦ የመለጠፍ ሰዓት ቀንሷል። የሌላውን ክፍል አላውቅም።

ሊያ፦ ዋጋው እያየሁት ሊጨምር ይችላል?

መልስ፦ ሄለን ጠይቃዋለች፣ እባካችሁ ከላይ አንብቡ። ፎቶ!

ሄለን፦ እሺ፣ ፎቶውን ይዤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ደረሰኙን በሩ ሳትደርሺ እዪ። ከታጉ በላይ ከተከፈለ ከነፎቶው ከስተመር ሰርቪስ ሂጂ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተለጠፈው ዝቅተኛ ዋጋ በላይ ማስከፈል ክልክል ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ደግሞ የምግብ መደብር ከተሳሳተ፣ እስከ 10 ዶላር የሚያወጣውን አንዱን ዕቃ በነፃ ይሰጥሻል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ዶላር ይቀንስልሻል። የሌላው ስቴት ይለያያል። ስቴታችሁን ጻፉልኝና እንየው።