የአማቴ የገና ግብዣና የባሌ ዝምታ

«ለንደን የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ባሌ እንግሊዛዊ ነው፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አማቴ የፈረንጆቹን ገና የሚያከብሩት ልክ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንደሚኖሩ ሆነው ነው። መብራት ይጠፋል፣ ሻማ ይበራል፣ ሁሉም የዚያን ዘመን ልብስ ይለብሳል። ይሄ የተጀመረው የባሌ አባት ካረፉ ወዲህ ነው። እንግዶቹ የእሳቸው የድሮ ወዳጆች ናቸው፤ ግን ግራ ያጋባሉ። አንደኛው ገለባ የተሞላች የሞተች ጉጉት ይዘው መጥተው አጠገባቸው ወንበር ላይ ያስቀምጧታል። አንዲት ሴትዮ ‹ሙት እናነጋግር› ይላሉ። የባሌ አጎት ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው ቀኑን ሙሉ እንደ ድሮ መኳንንት ያወራሉ። እኔ ጾም ላይ ስለምሆን አልበላም፤ አማቴ ይከፋቸዋል። አምና ደግሞ አጎትየው ለልጄ የወረቀት ዘውድ ደፍተውላት ‹የመቅደላው ልዑል› አሏትና በወታደር ልብስ የነበረ እንግዳ እንዲማርካት አደረጉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ባሌም አጨበጨበ። ማታ ሳለቅስ ‹እንዲህ ናቸው፣ ተያቸው› አለኝ። ዘንድሮ አልሄድም ብል ትዳሬን እጎዳለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ማልቀስሽ ትክክል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ባልሽ በዚያ ማታ ስላልነገረሽ ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ብዙ ነገር አንድ ላይ ተጠቅልሏል። ጉጉቷ፣ ባርኔጣው፣ ጾሙ፣ መቅደላ። እኩል ክብደት የላቸውም። አንዳንዱን መተው ትችያለሽ፣ አንዳንዱን ግን መተው የለብሽም።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለፍሽው ልጀምር፤ «የባሌ አባት ካረፉ ወዲህ» ካልሽው። አማትሽን አላነጋገርኳቸውም፤ ስለዚህ ልባቸውን አውቃለሁ አልልም። ግን ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የጀመሩት በዓል ነው፣ የሚጠሩትም የእሳቸውን ወዳጆች ነው። ይሄ ከግብዣነቱ ይልቅ ወደ ተዝካር የሚጠጋ ይመስለኛል። እኛ ለቅሶ አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ሙት ዓመት አለን። ዕድርተኛው ድንኳን ተክሎ ከሐዘንተኛ ጋር ይቀመጣል። በዛሬዋ እንግሊዝ ቀብር ካለቀ በኋላ አብዛኛው ሰው ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛዋ ሴት ብቻዋን ትቀራለች።

በቪክቶሪያ ዘመን እንዲህ አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ሁለት ዓመት ገደማ ጥቁር መልበስ ይጠበቅባት ነበር። ንግሥቲቱ ራሷ ልዑል አልበርት ገና ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. ሞተባት። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ድረስ ጥቁር አላወለቀችም። ክፍሉ እንደነበረ እንዲጠበቅ አዘዘች፤ አገልጋዮች ሙቅ ውሃ በየቀኑ ያስገቡለት ነበር። አማትሽ ሐዘን ቦታ የነበረውን ዘመን መምረጣቸው ብዙም አይገርመኝም። እነዚያ ግራ የሚያጋቡሽ እንግዶችም በገና ቀን ሌላ የሚጠራቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ጉጉቷ ማንንም አትጎዳም። ባርኔጣውም እንዲሁ። እነዚህን ተያቸው።

መቅደላ ግን ሌላ ነው።

የወረቀት ዘውድ በእንግሊዝ የገና ማዕድ ላይ ሁሉም የሚደፋው ነገር ነው፤ ዘውዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስድብ አልነበረም። ሰው ታሪካዊ ትዕይንት ሠርቶ ሌላው ምን እንደሆነ እንዲገምት ማድረግም የዚያ ዘመን የሳሎን ጨዋታ ነው። አጎትየው ክፋት አስበው ነው አልልም። ነገር ግን የጨዋታው ልዑል እውነተኛ ልጅ ነበር። ልዑል ዓለማየሁ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት ልጅ ነበር። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን አጠፉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲወጡ መንገድ ላይ ሞቱ። እሱ ባሕር ተሻግሮ ተወሰደና በ18 ዓመቱ፣ በ1879 እ.ኤ.አ.፣ ሊድስ ውስጥ በሳምባ ሕመም አረፈ። የተቀበረው ዊንዘር ነው፤ አጽሙ ዛሬም እዚያው ነው። ያንቺ ልጅ አምና ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ይሆናል። በዚያ ሳሎን ውስጥ ከአንቺ በቀር የእናቷን አገር ሰው የምትመስለውም እሷ ብቻ ነበረች። ለአንቺ ጨዋታ ሆኖ ሊታይሽ አይችልም፤ ሊታይሽም አይገባም።

ይህን ለአጎትየው መንገር ያለበት ባልሽ ነው። በሁለት ባህል መካከል በቆመ ትዳር ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የገዛ ወገኑን ቢያናግር ይሻላል። አንቺ ብትናገሪ «ተቆጣች» ተብሎ ይታለፋል። እሱ ከተናገረ የቤተሰቡ ጉዳይ ይሆናል። ደግሞ አንድ ነገር አስቢ፦ ባልሽም አባቱን ነው ያጣው። ያ ቀን ለእሱም ቀላል ላይሆን ይችላል። «ተያቸው» ያለሽ አንቺን ንቆ ሳይሆን እናቱ እንዳያለቅሱ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን የእናቱን እንባ ለማስቀረት ያንቺን ከፍሏል። ይሄ መቀጠል የለበትም።

መቼ ታነጋግሪዋለሽ? በበዓሉ ዋዜማ አይሁን። ሰው በሌለበት፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ይሁን። «እናትህ ቤት አልሄድም» ብለሽ አትጀምሪ፤ እንዲህ ካልሽው እናቱን ለመከላከል ነው የሚነሳው። እንዲህ በይው፦ «የአባትህን መታሰቢያ ላበላሽ አልፈልግም፣ መምጣትም እፈልጋለሁ። ልጃችን ግን ዳግመኛ ምርኮኛ ሆና አትጫወትም። አጎትህን ቀድመህ እንድታናግራቸው እፈልጋለሁ። ስታጨበጭብ ሳይህ ብቻዬን እንደሆንኩ ተሰማኝ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። እስካሁን የሰማ አይመስለኝም።

ወደ ጾሙ እንምጣ። የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 25 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ነው፤ የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም። አማትሽ ይህን የሚያውቁት አይመስለኝም። እሳቸው የሚያዩት ባዶ ሳህን ነው። የእነሱ የገና ምግብ ደግሞ ለጾመኛ አስቸጋሪ ነው። ድንቹ በዝይ ስብ ይጠበሳል። ጣፋጭ ነው ብለሽ የምታነሺው ፑዲንግና ሚንስ ፓይ እንኳ በባህላዊው አሠራር የከብት ሞራ አለበት። ስለዚህ ቀደም ብለሽ ደውዪላቸው። «እማ፣ ጠልቼው አይደለም፣ ጾም ላይ ስለሆንኩ ነው» በያቸው። ከዚያ ወጥ ቤታቸው ገብተሽ አብራችሁ አንድ ነገር ሥሩ። ከአትክልት ስብ የተሠራ የሞራ ምትክ በእንግሊዝ ሱቆች ይሸጣል፤ ቅቤና እንቁላል ያልገባበት ሚንስ ፓይ መሥራት ይቻላል። የራስሽን ምስር ወጥ ይዘሽ ብትሄጂም ማንም አይቀየምም። ለአማትሽ ከሁሉም የሚበልጠው አብሮ መሥራቱ ይመስለኛል፤ እስካሁን በዚያ ቤት ታዳሚ እንጂ ቤተኛ አልነበርሽም።

ሙት እናነጋግር የሚሉትን ሴትዮ በተመለከተ አታብራሪ፣ አትከራከሪ። እምነትሽ አይፈቅድልሽም፤ በቃ። ጨዋታው ሲጀመር ልጅሽን ይዘሽ ሌላ ክፍል ግቢ። ይህንንም ለባልሽ ቀድመሽ ንገሪው፣ ሲነሳ እሱም አብሯችሁ እንዲነሳ።

ለልጅሽም ስለ ዓለማየሁ ንገሪያት። በለቅሶ ሳይሆን በእርጋታ፣ ለዕድሜዋ በሚመጥን ቋንቋ። አምና የተጨበጨበላትን ነገር ራሷ በልቧ አንድ ትርጉም ሰጥታዋለች፤ ምን እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂያት። ከዚያ የእኛን ገና፣ ታኅሣሥ 29ን፣ ቤትሽ አክብሪ፤ አማትሽንም ጥሪያቸው። ከፈለጉ ባለ ጉጉቱንም ይዘው ይምጡ። ዶሮ ወጡ ሲወጣ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ልጅሽ ለአያቷ የምታስረዳው ነገር ይኖራታል።

ባልሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም «ተያቸው» ካለ፣ ዘንድሮ ምሳ በልታችሁ፣ አማትሽን ስመሽ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ከልጅሽ ጋር ወደ ቤት ተመለሺ። ሳትቆጪ፣ ቀድመሽ አሳውቀሽ። ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ የጥንዶች አማካሪ ዘንድ ሂዱ፤ ያኔ ችግሩ ከአማትሽ ሳሎን ወጥቶ የእናንተ ቤት ገብቷል ማለት ነውና።