ከዜብራው 9 ሜትር አልፎ መውደቁ ያሳስበናል

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ቀን በፊት ወንድሜ መገናኛ አካባቢ ዜብራ ሲያቋርጥ ሚኒባስ ገጭቶት እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። በቀኝ በኩል የነበረው ታክሲ ቆሞለት ነበር፤ የገጨው በግራ ቀድሞ የመጣው ነው። ሹፌሩ ግን «ከዜብራ ውጭ ሮጦ ገባብኝ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። በትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ላይ ወንድሜ የወደቀው ከዜብራው 9 ሜትር አልፎ በመሆኑ ነገሩ ለሹፌሩ ያደላል ብለን ፈራን። ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ካሜራ አለው፤ ባለቤቱ «ፖሊስ ከጠየቀኝ እሰጣለሁ» ብሏል። ምን እናድርግ?

እህት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህታችን፣ እግዜር ይማርላችሁ። ዛሬውኑ ፋርማሲው ይሂዱ፤ ሌላው ይደርሳል።

ዲቪአር (የካሜራዎቹን ምስል የሚያስቀምጠው መቅረጫ) ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይቀርጻል። አራት ካሜራ እያንዳንዱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ሲቀርጽ በቀን 86 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ11 ቀን ብዙም አያልፍም። ካሜራው ስምንት ከሆነ ስድስት ቀንም አይሞላም፤ ከአደጋው ወዲህ ደግሞ አራት ቀን አልፏል። መርማሪው ለፋርማሲው ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቁ። ደብዳቤው እስኪደርስ ባለቤቱ ቀረጻውን በፍላሽ ገልብጦ እሱው ዘንድ ያኑረው። «ስጠን» ሳይሆን «እንዳይጠፋብን» ቢሉት አይሸሽም።

ከግጭቱ በፊትና በኋላ አምስት አምስት ደቂቃ ይገልበጥ፤ ታክሲው ሲቆም የሚታየው ከግጭቱ በፊት ባለው ክፍል ነውና። ዋናው ፋይል ከነማጫወቻ ፕሮግራሙ ይውጣ። ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ ለመጠባበቂያ እንጂ ለፍጥነት ስሌት አይሆንም፤ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ይዘላል። ለምሳሌ በሴኮንድ 15 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ላይ መኪናው 12 ሜትር ያለፈው በ15 ፍሬም ከሆነ፣ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ነበር ማለት ነው። በቴሌግራም ስትልኩትም እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቅና ሰሌዳው አይነበብም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሰዓቱን ነው። ፕላኑ «ከቀኑ 7፡40» ሲል ካሜራው 13፡40 ይላል፤ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህ እንኳ ቀላል ነው። ውስጡ ያለችው ባትሪ የሞተችበት ዲቪአር ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። ስለዚህ ሲገለበጥ የዲቪአሩ ሰዓትና የስልክ ሰዓት በአንድ ፎቶ ውስጥ ጎን ለጎን ይነሱ።

9 ሜትሩ አያስፈራችሁ። የተገጨ ሰው ወደ ፊት ይወረወራል፤ የወደቀበት ቦታ የተገጨበት ቦታ አይደለም። የተገጨበትን የሚጠቁሙት የጫማ ሽርታቴ፣ ከመኪናው ሥር የረገፈ ጭቃና የፍሬን ጭረቱ ናቸው። የመብራት ስብርባሪም ወደ ፊት ስለሚበተን የስብርባሪው መነሻ ዜብራው ላይ ከሆነ ግጭቱ ከዚያ ወዲያ አልነበረም። ፕላኑ ላይ ካልገቡ ዝናብ ሳያጥባቸው፣ ከሩቅም ከቅርብም፣ ሜትር አጠገባቸው ዘርግታችሁ አንሷቸው። ሚኒባሱም ጋራዥ ሳይገባ ፎቶ ይነሳ። የሚኒባሱ የተጎዳ ክፍል የፊቱ ቀኝ በኩል ከሆነ ከታክሲው ፊት ወጥቶ ሲሻገር መገጨቱን ይደግፋል፤ የጎን በሩ ከሆነ ግን «ራሱ መጥቶ ገጨኝ» ይሏችኋል።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከባለቤቱ ካሳ ለመጠየቅ የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት የእናንተ ሸክም አይደለም። መከራከሪያው ቁጥር 2086 ላይ ነው፦ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት ደረሰ የሚለው። «ሮጦ ገባብኝ» የሚያመራው ወደዚያው ነው፤ በከፊልም ቢሳካ ካሳው ይቀነሳል። በወንጀሉ መዝገብ ግን የሹፌሩ ቸልተኝነት መረጋገጥ አለበት፤ ታክሲው ቆሞ ሚኒባሱ ሲያልፈው የሚያሳየው ቀረጻ ለሁለቱም ያገለግላል። የካሳ ክሱ ጊዜ በቁጥር 2143 በመርህ ሁለት ዓመት ነው።

ወንድማችሁ ለብሶት የነበረውን ሱሪና ጫማ አትጠቡ። አድርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አኑሯቸው፤ ፌስታል ያሻግታል።