ጀግና የሌለው የዞምቢ ልብወለድ፦ እንተወው ወይስ እንጨርሰው?

ሰላም እህታችን። ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ኮምቦልቻ ላይ ስምንት ሆናችሁ በምታነቡበት ክበብ የአሜሪካዊውን ደራሲ የማክስ ብሩክስን «ወርልድ ዎር ዚ» በእንግሊዝኛ ጀምራችኋል፤ አርባ ገጽ ሳይሞላ ግማሹ ሰው «ዋና ገጸ ባሕርይ የለው፣ ታሪኩ አይያያዝ» ብሎ አስቀመጠው፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ከእጁ አልወርድ ብሎታል። እንተወው ወይስ የሚነበብበት መንገድ አለው? ነው ያልሽው። አለው። መጽሐፉን አትተዉት፤ አነባበባችሁን ግን ለውጡ።

ያቆሙትን ሰዎች ስንፍና አይደለም ያሸነፋቸው። ልብወለድ ስንከፍት አንድ ሰው እንፈልጋለን፤ እሱን ተከትለን ከመከራ ወደ መከራ እንሄዳለን፤ ይተርፍ ይሆን እያልን ገጽ እንገልጣለን። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ መጽሐፍ ያንን ሁሉ አውቆ ነው የተወው። የሚጀምረው ከዞምቢዎች፣ ሞተው ተነሥተው ሰው ከሚነክሱ ፍጡራን፣ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለቀ በኋላ ስለሆነ የሰው ልጅ መትረፉን ከመግቢያው ታውቃላችሁ። ተራኪው ለተባበሩት መንግሥታት የድኅረ ጦርነት ሪፖርት የምስክርነት ቃል የሰበሰበ ሰው ነው፤ ቃሉ ስሜት በዝቶበታል ተብሎ ግማሽ ያህሉ ከሪፖርቱ ይወጣበታል፤ እሱም የወጣውን ሰብስቦ መጽሐፍ ያደርገዋል። ብሩክስ ቅርጹን ያገኘው አሜሪካዊው ጸሐፊ ስተድስ ተርከል በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሳተመው የቃል ታሪክ፣ ማለትም ያዩ ሰዎችን ቃል ከሰበሰበ መጽሐፍ፣ መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እያለ የሚያነብ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። በየምስክሩ «ይሄ ሰው ለምን በዚህ መልክ ተናገረ? የቱን ዘለለው?» እያለ የሚጠይቅ ግን ይጠግባል።

ፊልሙን ያየ ካለ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ብራድ ፒት የተወነበት ፊልም ከመጽሐፉ የወሰደው ርዕሱንና ጥቂት ሐሳብ ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ ዞምቢዎቹ ይሮጣሉ፤ አንድ ሰው ዓለምን ለማዳን አገር ላገር ይዞራል። መጽሐፉ ውስጥ ዝግ ብለው ነው የሚራመዱት፤ አንጎላቸው ካልተመታ አይሞቱም፤ ክረምቱ የሚበረታበት አገር በረዶ ያደርቃቸውና ሙቀት ሲመጣ መልሰው ይነቃሉ፤ በባሕር ወለል ላይም ይሄዳሉ። እንዲህ የሚያዘግም ነገር እንዴት ዓለምን አጥለቀለቀ? መጽሐፉ መልሱን የሚፈልገው በቢሮዎች፣ በነጋዴዎችና በጦር አዛዦች ዘንድ ነው። ለዚህም ነው አስፈሪ ታሪክ ፈልጎ የመጣ አንባቢ የሚያኮርፈው።

አሁን ወደ ሥራው። ያቆሙትን ሰዎች ካቆሙበት አታስቀጥሏቸው። መግቢያውን ሁላችሁም አንብቡ፤ አጭር ነው። ከዚያ ለመጀመሪያው ስብሰባ አራት ምስክሮችን ብቻ ውሰዱ። አንደኛው ቻይናዊው ሐኪም ኳንግ ጂንግሹ ነው፤ ወደ አንድ ሩቅ መንደር ተጠርቶ ሄዶ የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ ያገኛል፤ ልጁ የተነከሰው ግድብ የዋጠው የድሮ መንደር ላይ ከአባቱ ጋር ሊጠልቅ ሄዶ ነው። ሁለተኛው ብሬኪንሪጅ ስኮት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን «ፋላንክስ» ብሎ የወረርሽኙ መከላከያ ነው እያለ የቸበቸበው ነጋዴ። ሦስተኛው ሮበን ደሴት ላይ የተሰጠው የደቡብ አፍሪካው ቃል። አራተኛው ቶሞናጋ ኢጂሮ፣ ከናጋሳኪው ቦምብ ተርፎ ዓይኑን ያጣው ጃፓናዊ አትክልተኛ። አራቱም ለየብቻ ይነበባሉ፤ ወታደራዊ ቃል አያበዙም፤ አንዱ ከሌላው ጋር በጠባይ አይገናኝም። ከእነዚህ አንዱም ያልያዘው ሰው ካለ መጽሐፉ የእሱ አይደለም፤ በሰላም ይልቀቀው።

ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው በተራ ሂዱ፤ መዝለል ይቅር። ጠቅላላው ስምንት ክፍል፣ 340 ገጽ ገደማ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ክፍል ብትወስዱ በአራት ስብሰባ ያልቃል፤ በቀን ስድስት ገጽ ማለት ነው፣ ለሥራ ሰውም አይከብድም። ተራው የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ሠራዊቱ የተሸነፈበትን የዮንከርስን ውጊያ ያላነበበ ሰው በኋላ የሚመጣው የሆፕ ውጊያ ለምን እንደዚያ ዝግ ብሎ፣ በአራት ማዕዘን ተሰልፎ፣ አንድ በአንድ እየተኮሰ እንደሚካሄድ አይገባውም። ዮንከርስ ላይ ሠራዊቱ ለካሜራ የሚያምር መሣሪያ ደርድሮ ነበር፤ መሣሪያው የተሠራው ሰውን ለማቁሰልና ለማስደንገጥ ሲሆን ዞምቢ ደግሞ አይቆስልም፣ አይደነግጥም። ጥይቱ አልበቃም። ወታደሮቹን ያያያዘው የመገናኛ መሣሪያም የአንዱን ድንጋጤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አደረሰው። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ የሚያነሳው ቶድ ዌይኒዮ የሚባለውን ወታደር ነው፤ ደጋግሞ ስለሚመለስ «ዋና ገጸ ባሕርይ ካልሰጣችሁኝ» ለሚል አንባቢ እሱን ስጡት።

ሁለት ቅጂ ብቻ ቢኖራችሁም ይበቃል፤ ምስክሮቹን ተከፋፈሉ። እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ፦ ሁሉም የራሱን ብቻ አንብቦ ከመጣ ስብሰባው የቢሮ ሪፖርት ይሆናል፤ አንዱ ያወራል፣ ሰባቱ ስልክ ይነካካሉ። ማስታገሻው ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ ከየክፍሉ አንድ ምስክር ሁሉም የግድ የሚያነበው ይሁን። ሁለተኛ፣ የደረሰው ሰው ታሪኩን በአማርኛ ሲያቀርብ «ዶክተሩ እንዲህ አለ» አይበል፤ «እኔ» ብሎ፣ ምስክሩን ሆኖ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይናገር፤ ሌሎቹ ደግሞ እንደ መርማሪ ይጠይቁት። «አንተ ክትባቱ እንደማይሠራ መቼ አወቅህ?» ተብሎ የተጠየቀ «ስኮት» ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የምዕራፉ ሥራ ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል።

ማስታወሻችሁ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ማን ነው፣ ያኔ ምን ነበር፣ አሁን ምን ላይ ይገኛል፣ ምን ያልተናገረው አለ። ሦስተኛውን አትዝለሉ። ቃሉ የሚሰጥበት ቦታ ከየምስክርነቱ ፊት ተጽፏል፤ ብሩክስ ብዙ ፍርዱን የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው። ስኮት የሚናገረው አንታርክቲካ ተሸሽጎ ነው። በአሜሪካው ቤተ መንግሥት በዋይት ሐውስ ትልቅ ሹም የነበረው ሌላው ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ እበት እየሰበሰበ ነው የሚናገረው። እንግሊዝኛው ላይ የሚያደናቅፉ ቃላትን አንድ ወረቀት ላይ አስቀድማችሁ አውጡ፦ ዛክ የዞምቢው የወታደር ቤት ስም ነው፤ ሎቦ አካፋና መጥረቢያ የተዋሐደበት የእጅ መሣሪያ ነው፤ ኩዊዝሊንግ በሕይወት እያለ አእምሮው ተነክቶ ራሱን ዞምቢ ያደረገ ሰው ነው። የግርጌ ማስታወሻዎቹንም አንብቡ፤ ብዙውን ምሕጻረ ቃል የሚፈቱት እነሱ ናቸው።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ የሚያነጋግሩት የማስጠንቀቂያውና የወቀሳው ክፍሎች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ስብሰባ አንብቧቸው። እዚያ ያለው ሁሉ «የለም» ሲባል የኖረ ነገር ነው፤ የሚያውቁ ዝም ይላሉ፣ የጻፉ ሪፖርታቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ ከድንጋጤው የሚያተርፍ ነጋዴ ይነሣል። ወሎ ላይ ይህ እንግዳ አይደለም። በ1965 እና 66 ረሃብ ገበሬው ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ መኪና እያስቆመ ሲለምን የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ይደብቅ ነበር፤ ዓለም በስፋት የሰማው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ያንን ዘመን ከቤቱ ሽማግሌ የሰማ አንባቢ የብሩክስን ሹማምንት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

የሮበን ደሴቱን ምዕራፍ ደግሞ በካርታ አንብቡት። እዚያ የሚነገረው የሬደከር እቅድ የሚለው ይህን ነው፦ ሁሉንም ማዳን አይቻልም፤ መንግሥት ተፈጥሮ ያጠረችው አንድ ቦታ ላይ ይሰብሰብ፤ ይጠቅማሉ የተባሉ ይግቡ፤ ሌላው ሕዝብ ውጭ በየቦታው ተነጣጥሎ ይቆይ፣ ዞምቢውን ወደ ራሱ እየሳበ ለገቡት ጊዜ ይግዛ። አሁን ወረቀት አውጡና ደሴን ከጦሳ ሥር ሳሉ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፤ ኮምቦልቻን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ፤ በመካከል በዶሮ መዝለያ በኩል የሚጠመዘዘውን መንገድ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፦ ደሴ ትያዝ፣ መንገዱ ይዘጋ። ከዚያ ጠይቁ። ዱቄቱ፣ ብረቱ፣ ጨርቁ የሚመረትበት ፋብሪካ የት ነው? ነዳጅ በባቲና በሚሌ በኩል ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው የት ነው? አውሮፕላን የሚያርፈው የት ነው? የደሴ ብርድ እንደሆነ ዞምቢ አድርቆ ለወራት የሚያቆይ አይደለም። ኮምቦልቻ ስትተው ደሴም አብራ እንደምትራብ ያኔ ይታያል። የሚከብደው ጥያቄ ግን ቀጥሎ ነው፦ ሠራተኛው ይግባ ካላችሁ እናቱስ? ከሰኞ ገበያ ነጋዴ ማን ይቀራል? የራሱን ሰፈር ስም ጠርቶ «ይቅር» ማለት ያቃተው ሰው እቅዱን ተረድቶታል። ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ቃሉን ከመጀመሪያው መልሳችሁ አንብቡት፤ የመጨረሻዎቹ መስመሮች የተናጋሪውን ማንነት ስለሚለውጡት ሁለተኛው ንባብ ሌላ ምዕራፍ ነው። ቀድሞ የጨረሰ ሰው እባካችሁ አፉን ይያዝ።

አንድ ነገር በደንብ ተከራከሩበት። በሽታው የጀመረው ቻይና ውስጥ ነው፤ ዓለም ግን «የአፍሪካ እብድ ውሻ በሽታ» ብሎ ነው የሚጠራው፣ ጎልቶ የታየው ደቡብ አፍሪካ ላይ ስለነበር። አንዳንድ አንባቢ ይህን የደራሲው ንቀት አድርጎ ይወስደዋል። ትክክል አይመስለኝም፤ ምዕራፎቹን በተራ ያነበበ ሰው ስያሜው ውሸት መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል፣ ደራሲውም ያን ውሸት ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠው። ነገር ግን ከደቡብ አፍሪካ ውጪ አህጉሩ በመጽሐፉ ውስጥ ሳስቷል የሚለው ወቀሳ ልክ ነው።

ሌሎቹም ነቀፌታዎች መሬት ያላቸው ናቸው። ድምፆቹ ይመሳሰላሉ፤ ሕንዱም ሩሲያዊውም አንዳንዴ እንደ አሜሪካዊ ያወራሉ። ሴት ምስክሮች ጥቂት ናቸው፤ ካሉት ግን አውሮፕላኗ ወድቆባት በራዲዮ ድምፅ እየተመራች ረግረግ የምታቋርጠዋ አብራሪ ክርስቲና ኤሊዮፖሊስ ከመጽሐፉ ምርጦች አንዷ ናት። ስለ አሜሪካ የውስጥ ግንባር የሚያወራው አምስተኛው ክፍል ይጎትታል፤ ብዙ ክበብ የሚበተነውም እዚያ ላይ ስለሆነ አጭር ስብሰባ አድርጉለት። የድምፅ መመሳሰሉ ለሚያስቸግረው ሰው በተለያዩ ተዋንያን የተነበበው ቅጂ ይረዳል፤ የ2007ቱ እ.ኤ.አ. እትም ግን ብዙ ምስክሮች የተቆረጡበት ስለሆነ ለማዳመጥ እንጂ መጽሐፉን ለመተካት አይሆንም።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችሁ አንድ የምስክርነት ቃል ጻፉ። ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው ስለ 66ቱ ወይም ስለ 77ቱ ረሃብ ጠይቁ፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ መጀመሪያ ከማን ሰሙ፣ ውሸት ነው ያለው ማን ነበር፣ ያኔ እርስዎ ምን እየሠሩ ነበር። ፈቃድ ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ፤ ስም አታውጡ። ስትገለብጡ ቃሉን አታሳምሩት፣ የወሎን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አትለውጡት፤ ዝም ያሉበትን ቦታም «ዝም አሉ» ብላችሁ አስቀምጡ። ሁለት ገጽ ካለፈ አሳጥሩ፤ ስታሳጥሩ የራሳችሁን ጥያቄ እንጂ የእሳቸውን ቃል አትቁረጡ።

የ2014ቱን ጦርነት ግን ለዚህ ሥራ ርዕስ አድርጋችሁ አትስጡ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ሌሊት የወጣ፣ ቤተሰብ ያጣ ሰው ከመካከላችሁ ሊኖር ይችላል፤ ስለ ታላቁ ድንጋጤ የሚያወራው ሦስተኛው ክፍል፣ መንገድ የሞላው መኪናና ያለስንቅ የሚሰደደው ሕዝብ፣ ለእሱ ልብወለድ አይሆንለትም። ክፍሉ ከመድረሱ በፊት ምን እንዳለው በግልጽ ተናገሩ፤ «እኔ ይቅርብኝ» ያለውን ለምን አትበሉት፤ በራሱ ፈቃድ የሚናገር ከተገኘም የጊዜ ገደቡን ተዉትና አድምጡት፣ ያለ እሱ ፈቃድ ግን አትቅዱ።