ጥር 19ን በክበብ ሰዓት እንዴት እናስበው?

ጥያቄ፦ በጅማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ አስተባባሪ ነኝ። የሆሎኮስትን (ናዚ ጀርመን በአይሁድ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ) መታሰቢያ በ40 ደቂቃ ልናስብ አቅደናል። ተማሪዎች ግን «6 ሚሊዮን አይሁድ ተገደሉ የተባለው ተጋኗል»፣ «አይሁድ ዓለምን በስውር ይገዛሉ» የሚል ጽሑፍ ከቴሌግራም ያመጣሉ። «እኛን ምን አገባን?» የሚሉም አሉ። ከምን ልጀምር?
መምህርት፣ ከጅማ

መልስ፦ ቀኑን አስቀድመው ያጣሩ። የሶቪየት ጦር የናዚን የግድያ ካምፕ አውሽቪትስን ነጻ ያወጣው ጥር 19 ቀን 1937 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 27 ቀን 1945 እ.ኤ.አ.) ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን መታሰቢያው ጥር 18 ይውላል።

ከ6 ሚሊዮን አይጀምሩ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ልጆቹ በዓይነ ሕሊናቸው ሊያዩት አይችሉም፣ ክርክሩም እዚያው ይቀራል። ከገዳዮቹ መዝገብ ይጀምሩ። የናዚ ታጣቂ ድርጅት የኤስ ኤስ መኮንኑ ካርል ዬገር ጦሩ በሊትዌኒያ የገደላቸውን፣ አብዛኞቹን አይሁድ፣ በቀንና በከተማ ለይቶ ጽፎ ዲሴምበር 1 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ድምሩን 137,346 ብሎ ዘግቷል። የኦክቶበር 29 መስመር ብቻውን ይበቃል፦ ካውናስ፣ ወንዶች 2,007፣ ሴቶች 2,920፣ ሕፃናት 4,273። ገጹን አትመው፣ ጀርመንኛውን በአማርኛ ጽፈውበት በቡድን ያድሉ፤ ድምሩን ራሳቸው ያውጡ። 9,200 ይመጣል። ለዚህ 15 ደቂቃ ይስጡ፤ ተጋነነ ለሚለው ተማሪ ይህ የገዳዩ የራሱ ሂሳብ ነው።

«ምን አገባን» ለሚለው ሁለት ቀኖችን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ጅማን ይዞ የነበረው የጣሊያን ፋሺስት መንግሥት በኤፕሪል 1937 እ.ኤ.አ. ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊን ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር አዋጅ አወጣ። ያው መንግሥት በሴፕቴምበር 1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ አይሁድ ተማሪዎችን ከጣሊያን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አባረረ።

ስውር አገዛዝ የሚለው ወሬ ምንጩ በ1903 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ የታተመው፣ አይሁድ ዓለምን ለመግዛት ያሴሩበት ሰነድ ነኝ የሚለው የሐሰት ጽሑፍ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» ነው። የለንደኑ ታይምስ በ1921 ጽሑፉ አይሁድን ጨርሶ ከማያነሳ የ1864 የፈረንሳይ ሽሙጥ መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን አንቀጽ ከአንቀጽ አስተያይቶ አሳየ። ዛሬም አልሞተም። ነገሩ «በስውር» ስለተባለ ማስረጃ መጥፋቱ ራሱ ማስረጃ ይመስላል፤ በአገራችን አንጥረኛና ሸክላ ሠሪው፣ ቤተ እስራኤልም ጭምር፣ ቡዳ እየተባሉ የተገፉት በዚሁ ስልት ነው።

ተማሪን እስረኛ ወይም ወታደር አድርገው ድራማ አያሠሩ፤ ሳቅ ይገባበታል። የሬሳ ፎቶም አይለጥፉ፤ ልጁ ፊቱን ካዞረ ቀሪውን አይሰማም። ሲያበቁ የታተሙትን ወረቀቶች ይሰብስቡ፣ ፎቶ ተነስተው ያለ ማብራሪያ በቴሌግራም እንዳይዞሩ።